ሐሺሽ የሚገባበት የአእምሮ በር፦ ከላቦራቶሪ እስከ ሪያድ ሆስፒታል

ሪያድ፦ በከተማችን «አል-አመል» ማለትም «ተስፋ» በሚል ስም ለብዙ ዓመታት ሲታወቅ የኖረው የሱስ ሕክምና ሆስፒታል ዛሬ «ኢራዳ» ይባላል፤ ትርጉሙም «ፈቃድ» ወይም «ቁርጥ ውሳኔ» ነው። ስሙ መልካም ነው። ይሁንና ለሐሺሽ ሱሰኛ ውሳኔው ብቻውን ለምን እንደማይበቃው ሳይንስ ባለፉት ስድሳ ዓመታት በጥቂት በጥቂቱ ሲገልጥ ቆይቷል።

እ.ኤ.አ. በ1964 ራፋኤል መሹላምና ባልደረባው ጋኦኒ አእምሮን የሚያሰክረውን የሐሺሽ ንጥረ ነገር፣ ቲ.ኤች.ሲን፣ ለይተው አወጡ። ጥያቄው ከዚያ በኋላ መጣ፦ በአእምሯችን ውስጥ ለአንድ ተክል የተዘጋጀ መቀበያ ለምን ኖረ? መልሱ በ1992 ተገኘ። መቀበያው የተዘጋጀው ለተክሉ ሳይሆን ሰውነታችን ራሱ ለሚያመነጨው ንጥረ ነገር ነበር። ስሙንም በሳንስክሪት «ደስታ» ከሚለው ቃል ወስደው አናንዳማይድ አሉት። ይህ ሁሉ በአንድነት ኢንዶካናቢኖይድ ሥርዓት ይባላል።

አሠራሩ የሚያስደንቅ ነው። በአእምሮ ውስጥ መልእክት ከአንዱ የነርቭ ሕዋስ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ እነዚህ ንጥረ ነገሮች ግን ከተቀባዩ ወደ ላኪው ተመልሰው «ይበቃል» ይላሉ። ለአፍታ ብቻ፣ በተፈለገው ቦታ ብቻ ሠርተው ይፈርሳሉ። ሐሺሽ ግን በሁሉም ቦታ በአንድ ጊዜ ይደርሳል፣ ቶሎም አይለቅም። ትዝታን የሚመዘግበው የአእምሮ ክፍል በእነዚህ መቀበያዎች የተሞላ ስለሆነ አጫሹ የሰማውን ለመያዝ ይቸገራል። በየዕለቱ በሚያጨሱ ሰዎች ላይ የተደረገና በ2012 የታተመ የአሜሪካ ጥናት መቀበያዎቹ በአንዳንድ የአእምሮ ክፍሎች እንደሚቀንሱ፣ ለአራት ሳምንት ያህል በታቀቡት ላይ ግን እንደሚያገግሙ አሳይቷል። ለቤተሰብ ይህ ትልቅ ዜና ነው፤ የመጀመሪያው ወር እጅግ ከባድ የሚሆንበት ምክንያትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።

ታዲያ መቀበያውን በመድኃኒት መዝጋት አይቻልምን? ተሞክሯል። ሪሞናባንት የተባለው መድኃኒት በ2006 በአውሮፓ ለውፍረት ሕክምና ተፈቀደ፤ ሲጋራ ለማስተውም ተፈትኖ ነበር። ነገር ግን በተጠቃሚዎች ላይ ድባቴና ራስን የማጥፋት ሐሳብ በመታየቱ በ2008 ታገደ። የደስታን በር በግድ የዘጋ ሰው ሐዘንን ቢያገኝ ምን ይገርማል!

ሌሎች ተመራማሪዎች ተቃራኒውን መንገድ ያዙ፦ አናንዳማይድ ቶሎ እንዳይፈርስ ማድረግ። በጥር 2016 በፈረንሳይ ሬን ከተማ በጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ላይ የተሞከረ አንድ እንዲህ ያለ መድኃኒት የአንድ ሰው ሕይወት ሲቀጥፍ ሌሎችንም ለሆስፒታል ዳረገ። በ2019 ግን የዬል ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በ70 ወንዶች ላይ የፈተኑት የዚሁ ዓይነት ሌላ መድኃኒት ካናቢስ ሲቋረጥ የሚመጣውን ሕመም አቃልሎ፣ አጫጫሱንም ቀንሶ ተገኝቷል። እስካሁን ግን ለዚህ ሱስ በሐኪም የሚታዘዝ የጸደቀ መድኃኒት የለም።

በ2017 የታተመ ሌላ ጥናት ጥቂት ቲ.ኤች.ሲ. ያረጁ አይጦችን የማስታወስ ችሎታ እንደመለሰ ሲነገር ብዙዎች ተደስተው ነበር። የወጣት አይጦቹ ችሎታ በዚያው መጠን መዳከሙን ግን ጥቂቶች ብቻ አነበቡ።

መድኃኒቱ እስኪደርስ የምክርና የክትትል ሕክምናው አለ። በሱስ ጉዳይ ምክር የሚሰጠው ነጻ የስልክ መስመር 1955 ነው። በመንግሥቱ የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ አንቀጽ 42 መሠረት ራሱ ፈቅዶ ለሕክምና በቀረበ፣ ወይም ወላጁ፣ ልጁ፣ የትዳር ጓደኛው ወይም ዘመዱ ሕክምና በጠየቀለት ሰው ላይ ዕፁን በመጠቀሙ ክስ አይመሠረትም፤ በእጁ ያለውን ግን ማስረከብ አለበት። የውጭ ዜጋ የሆነ ነዋሪ ጉዳዩ እንዴት እንደሚታይ አስቀድሞ ቢጠይቅ ይመረጣል።