ለሙያ ብቃት ምዘናው ጊዜያችንን እንዴት እንመድብ?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግሞ የደረሰኝ ጥያቄ «ቀን እያስተማርኩ፣ ማታ ፈተና እያረምኩ ለፈቃድ ምዘናው መቼ ላጥና?» የሚል ነው። የምከተለውን መንገድ ላካፍላችሁ።

✅ ከማንበብ በፊት ራሳችሁን ፈትኑ። የጽሑፍ ፈተናው የምናስተምረውን የትምህርት ዓይነትና ፔዳጎጂን ይይዛል። ብዙዎቻችን ግን የምንወደው ላይ እናመሻለን። የሒሳብ መምህሩ እኩሌታ ሲፈታ ያመሻል፤ የፎርማቲቭና የሰማቲቭ ምዘናን ልዩነት በወጉ ሳያየው ፈተናው ይደርሳል። መጀመሪያ የመለማመጃ ጥያቄዎች ሥሩና የሳታችኋቸውን ርዕሶች ዘርዝሩ። ሰዓት የሚመደበው በዚህ ዝርዝር እንጂ በመጽሐፉ ውፍረት አይደለም።

✅ በቀን አንድ ነፃ ክፍለ ጊዜ ለጥናት ብቻ ያዙ። ከ40 ደቂቃው 25ቱን አንድ ርዕስ አንብቡ፤ በቀሪው መጽሐፉን ዘግታችሁ ያስታወሳችሁትን ባዶ ወረቀት ላይ ጻፉ። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ 42 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ አንዴ አንብበው ያስታወሱትን የጻፉት ግን 56 በመቶውን አስታውሰዋል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ የበለጡት ደግመው ያነበቡት ነበሩ። ደጋግሞ ማንበብ «ገብቶኛል» የሚያሰኘን ለዚህ ነው።

✅ ፔዳጎጂን ከዕለት ሥራችሁ ጋር አጥኑት። የነገውን የትምህርት ዕቅድ ስታወጡ ዓላማው «ይዘረዝራሉ» ነው ወይስ «ያነጻጽራሉ»? በብሉም ደረጃ የትኛው ላይ ያርፋል? የክፍል ሥራውስ ያንኑ ይለካል? ይህ ተጨማሪ ሰዓት አይጠይቅም። ለምዘናው የሚቀርበውን ፖርትፎሊዮም እንዲሁ፦ የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ (ተሙማ) ሰነዱን፣ ዕቅዱን፣ የተግባራዊ ምርምሩን በየወሩ መጨረሻ በማኅደር አስቀምጡ።

✅ ቅዳሜ ጠዋት ሰዓት ይዛችሁ የሙከራ ፈተና ሥሩ፤ ዝርዝሩንም አድሱ። እሑድ ዕረፉ።

እርማት የሚበዛበት ሳምንት ሲመጣ ጥናቱን ቀንሱት እንጂ አታቋርጡት።

ይህን ሁሉ የምለው ለፈቃዱ ብቻ ብዬ አይደለም። ምዘናን በደንብ ያወቀ መምህር ያልገባውን ተማሪ ቶሎ ይለያል፤ ልጁም ሳይረዳ ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ አይሻገርም። ስለዚህ ከዚህ ሳምንት ጀምሩ፤ ከተቻለ ሁለት ሦስት ሁኑ። የትምህርት ዓይነታችሁ ቢለያይም ፔዳጎጂው የጋራ ነውና አንዳችሁ ሌላውን ጠይቁ።