የማይታየው የፖስታ ሣጥንና ቁልፉ

ስለ ኢሜይል እንድጽፍ ያነሣሣኝ ዐዋቂነቴ ሳይሆን አለማወቄ ያደረሰብኝ ጉዳት ነው። ባለፈው ዓመት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ለክረምት ወራት የተዘጋጀ የሳይንስ ሥልጠና መኖሩን ሰምቼ አመለከትሁ። በማመልከቻው ላይ «የኢሜይል አድራሻ» የሚል ስፍራ ስለ ነበረበት በስልኬ ውስጥ ያገኘሁትን አድራሻ በጥንቃቄ ገልብጬ ጻፍሁ። ይሁን እንጂ አድራሻውን የከፈትሁት እኔ አልነበርሁም። ስልኩን በገዛን ዕለት ባለ ሱቁ «ያለዚህ ምንም አይሠራልሽም» ብሎ በራሱ ስልክ ቁጥርና ራሱ ባወጣው የይለፍ ቃል የከፈተልኝ ነበር።

ካመለከትሁ በኋላ ስልኬ ወድቆ ተሰበረ። አባቴ ሌላ ቢገዛልኝ አዲሱ ስልክ የይለፍ ቃሉን ጠየቀኝ፤ እኔ ግን ከቶ አላውቀውም። «ረስቼዋለሁ» የሚለውን ብነካ፣ የማረጋገጫ ቁጥር ወደ ባለ ሱቁ ስልክ መላኩን ገለጸልኝ። ወደ ሱቁ ብሮጥ ባለ ሱቁ ለቅቆ ሄዶ በስፍራው ሌላ ሰው ልብስ ይሸጥበታል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አብራኝ ያመለከተች ጓደኛዬ መቀበሏን ስትነግረኝ ወደ ሥልጠናው ጽሕፈት ቤት ሄድሁ። ጸሓፊዋም መዝገቡን ተመልክታ «አንቺንም ተቀብለንሽ ነበር፤ በ7 ቀን ውስጥ መልስ ስጪ ብለን ብንጽፍልሽ ዝም ስላልሽ ስፍራሽ ለሌላ ተሰጠ» አለችኝ። «ደብዳቤው እኮ አልደረሰኝም» ብላት፣ «ባይደርስ ኖሮ ይመለስልን ነበር፤ ደርሷል» ስትል መለሰችልኝ።

በዚያን ቀን ይህ አነጋገር አናደደኝ። በኋላ አሠራሩን ሳጠና ግን ጸሓፊዋ እውነቷን እንደ ነበረ ተረዳሁ። ደብዳቤው ከሣጥኔ ገብቶ ነበር፤ የሣጥኑ ቁልፍ ግን በእኔ እጅ አልነበረም። ከእናንተ መካከል እንደ እኔ ሆኖ የሚገኝ ቢኖር ጉዳቱ ሳይደርስበት አስቀድሞ እንዲያውቅ ያጠናሁትን ላካፍላችሁ።

ኢሜይል የሚቀመጠው የት ነው?

በአገራችን የፖስታ ሥራ በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1886 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ በ1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆናለች። በእኛ ዘንድ ፖስተኛ በየቤቱ እየዞረ ደብዳቤ ማደሉ እምብዛም የተለመደ አይደለም። ደብዳቤ የሚጠብቅ ሰው በፖስታ ቤት ሣጥን ይከራያል፤ የሣጥኑን ቁጥር ለወዳጆቹ ይሰጣል፤ ጊዜ ሲያገኝም ሄዶ በቁልፉ ይከፍታል። አባቴ እንዲህ ያለ ሣጥን አለው፤ ቁልፉም በበሩ ጀርባ በሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል።

ይህን ልማድ የሚያውቅ ሰው ኢሜይልን ለመረዳት አይቸገርም። ብዙዎቻችን ኢሜይል በስልካችን ውስጥ የሚኖር ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ደብዳቤው የሚቀመጠው ሰርቨር በሚባል፣ ሌሊትና ቀን በማይጠፋ ትልቅ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ስልካችን ወደዚያ ሣጥን የምንመለከትበት መስኮት ነው፤ የይለፍ ቃሉ ደግሞ ቁልፉ ነው። ስለዚህ ስልክ ቢሰበር ደብዳቤው አይጠፋም፤ ስልኩ ተዘግቶ ቢሰነብትም የሚላክልን ሁሉ በሣጥኑ ውስጥ ተጠራቅሞ ይቆየናል። ቁልፉ ከጠፋ ግን ስልኩ አዲስ ቢሆንም አይጠቅምም።

አድራሻው ሁለት ክፍል አለው። ለምሳሌ ያህል «እገሌ@ጂሜይል.ኮም» ብንል፣ ከምልክቱ በስተግራ ያለው የባለ ሣጥኑ ስም ሲሆን በስተቀኝ ያለው ደግሞ ሣጥኑ የሚገኝበት የፖስታ ቤት ስም ነው። በመካከል የገባው ምልክት «ኤት» ይባላል፤ ትርጉሙም «በእገሌ ዘንድ» እንደ ማለት ነው። በእውነተኛው አጻጻፍ አብዛኛውን ጊዜ አድራሻው የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ በመካከሉም ባዶ ቦታ አይገባበትም።

ይህን ምልክት ለዚህ አገልግሎት የመረጠው ሬይ ቶምሊንሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ጊዜውም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 1971 ነበረ። ከዚያ በፊት በአንድ ኮምፒዩተር የሚጠቀሙ ሰዎች እዚያው ላይ እርስ በርሳቸው መልእክት ይተዋወጡ ነበር፤ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር መላክ ግን አልተቻለም ነበር። ቶምሊንሰን ጎን ለጎን የቆሙ፣ ነገር ግን አርፓኔት በተባለው መረብ ብቻ የተገናኙ ሁለት ኮምፒዩተሮችን ይዞ መልእክት ከአንዱ ወደ ሌላው አሻገረ። ምልክቱን የመረጠውም በሰው ስም ውስጥ ስለማይገኝ ነበር። በዚያ የመጀመሪያ መልእክት ምን እንደ ጻፈ ሲጠየቅ ግን መርሳቱን ይናገር ነበር። እንዲህ ያለው ታላቅ ነገር ያለ ነጋሪትና ያለ እምቢልታ ተጀመረ ማለት ነው። ወደ አገራችን ኢንተርኔት የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው።

ደብዳቤው እንዴት ይጓዛል?

«ላክ» የሚለውን ስንነካ ደብዳቤያችን በቀጥታ ወደ ተቀባዩ ስልክ አይሄድም። በመጀመሪያ የራሳችን ፖስታ ቤት ወደ ሆነው ሰርቨር ይደርሳል። ይህም ሰርቨር ከምልክቱ በስተቀኝ ያለውን ስም አንብቦ «ይህ ፖስታ ቤት የት ይገኛል?» ሲል የኢንተርኔትን የስም መዝገብ ይጠይቃል። የተቀባዩን ሰርቨር ካገኘ በኋላ ደብዳቤውን ያስረክባል።

በዚህ ርክክብ ላይ እጅግ ያስደነቀኝ ነገር አለ። ሁለቱ ሰርቨሮች የሚነጋገሩበት ደንብ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1982 የተጻፈ ሲሆን፣ በደንቡ መሠረት መጀመሪያ የሚደረገው ሰላምታ ነው። መጪው ሰርቨር ሰላምታ ሰጥቶ ስሙን ይናገራል፤ ቀጥሎ ደብዳቤው ከማን እንደ ሆነ፣ ከዚያም ለማን እንደ ሆነ ያስታውቃል። ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው ደብዳቤውን የሚያቀርበው። ሰው ቤት የሄደ ጨዋ እንግዳ ጉዳዩን ከመናገሩ በፊት ሰላምታ እንደሚያስቀድም ዐይነት ነው። ተቀባዩ ሰርቨር የሚመልሰው በቁጥር ነው፤ 250 ማለት «እሺ፣ ተቀብያለሁ» ሲሆን፣ 550 ማለት ብዙውን ጊዜ «እንዲህ የሚባል ሣጥን እኛ ዘንድ የለም» ማለት ነው። ሣጥኑ ያልተገኘ እንደ ሆነ አለመድረሱን የሚያስረዳ ማስታወቂያ ወደ ላኪው ይመለሳል። ጸሓፊዋ «ባይደርስ ኖሮ ይመለስልን ነበር» ያለችኝ ይህንን ነው። የተቀባዩ ሰርቨር ለጊዜው ተበላሽቶ ከሆነም የላኪው ሰርቨር ቶሎ ተስፋ አይቆርጥም፤ ብዙውን ጊዜ ለ4 ወይም ለ5 ቀን ያህል ደጋግሞ ይሞክራል።

ይህ ደንብ ለሁሉም የወጣ በመሆኑ ከጂሜይል ወደ ያሁ፣ ከዩኒቨርሲቲ ወደ መሥሪያ ቤት መጻፍ ይቻላል። በቴሌግራም የሚጻፈው ግን ቴሌግራም ላለው ሰው ብቻ ነው። ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ኢሜይልን የሚመርጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

በመጀመሪያ ዘመን በኢሜይል የሚላከው የእንግሊዝኛ ፊደል ያለበት ተራ ጽሑፍ ብቻ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1992 ስዕልን፣ ድምፅንና የሌሎችን ሕዝቦች ፊደል ለማጓጓዝ የሚያስችል ደንብ ወጣ። በ1999 ደግሞ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ውስጥ ገባ። ዛሬ በአማርኛ የጻፍነው ደብዳቤ ሳይበላሽ በውጭ አገር ለሚኖር ዘመዳችን የሚደርሰው በዚህ የተነሣ ነው።

አዲስ ሣጥን ስለ መክፈት

አንደኛ፣ ሣጥኑን በገዛ እጃችሁ ክፈቱ፤ የሚያግዛችሁ ሰው ቢኖርም አጠገባችሁ ሆኖ ያሳያችሁ እንጂ ለእናንተ አይክፈትላችሁ። ሁለተኛ፣ ስሙ የእናንተንና የአባታችሁን ስም የያዘ ይሁን፤ ለጨዋታ የወጣ ቅጽል ስም በሥራ ማመልከቻ ላይ ያሳፍራል። ሦስተኛ፣ የይለፍ ቃሉ ረዥምና ሌላ ሰው የማይገምተው ይሁን፤ የትውልድ ቀንና የስልክ ቁጥር ለዚህ አይሆኑም። በደብተር ብትጽፉትም ደብተሩን ከቤት አታውጡት። አራተኛ፣ መለያው የሚጠይቃችሁ የስልክ ቁጥር የእናንተ፣ ወይም የአባታችሁና የእናታችሁ ይሁን። ቁልፉ ሲጠፋ ሌላ ቁልፍ የሚሰጠው በዚህ ቁጥር በኩል ነውና። አምስተኛ፣ ሣጥኑን ቢያንስ በሳምንት ሁለት ጊዜ ክፈቱት፤ በጂሜይል ለ2 ዓመት ያልተነካ መለያ ሊሰረዝ ይችላል።

ደብዳቤ አጻጻፍ

የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አይቶ የሚያውቅ ሰው የኢሜይሉ ገጽ እንግዳ አይሆንበትም። ከላይ «ለ» የሚለው ስፍራ የተቀባዩ አድራሻ የሚጻፍበት ነው። «ግልባጭ» ደብዳቤውን እንዲያውቁት ብቻ ለምንፈልጋቸው ሰዎች ነው። «ስውር ግልባጭ» ደግሞ ሌሎቹ ተቀባዮች ሳያዩት ለሌላ ሰው የሚደርስ ነው። «ጉዳዩ» የሚለው ስፍራ ባዶ ሊተው አይገባም፤ በቀን መቶ ደብዳቤ የሚቀበል ሹም የትኛውን አስቀድሞ እንደሚያነብ የሚወስነው ይህን አንድ መስመር አይቶ ነው። «ጤና ይስጥልኝ» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ «የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሥልጠና ማመልከቻ» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

የትምህርት ማስረጃ ወይም ፎቶግራፍ ስትልኩ እንደ አባሪ አያይዙት፤ በጂሜይል አባሪው ከ25 ሜጋባይት መብለጥ የለበትም። ብዙ ሰው «አያይዤ ልኬያለሁ» ብሎ ይጽፍና ማያያዙን ይረሳዋል፤ ስለዚህ አባሪውን አስቀድሞ አያይዞ ደብዳቤውን በኋላ መጻፍ መልካም ልማድ ነው። አድራሻውንም ከመላካችሁ በፊት ፊደል በፊደል ተመልከቱት። አንድ ፊደል ቢሳሳት ደብዳቤው ይመለሳል፤ ወይም ከዚህ የከፋው፣ በዚያ ስም ሣጥን ላለው ለማናውቀው ሰው ይደርሳል። በጂሜይል የተላከውን መመለስ የሚቻለው ከ5 እስከ 30 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ብቻ ነው።

ስለ ጥንቃቄ

ማንም ያልጠየቀውን ማስታወቂያ በኢሜይል ማብዛት የተጀመረው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1978 አንድ የኮምፒዩተር ነጋዴ ወደ 400 ለሚሆኑ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲልክ ነው ይባላል። ይህ ዐይነቱ ደብዳቤ ዛሬ ስፓም ሲባል፣ ሰርቨሩ ራሱ እየለየ በተለየ ሣጥን ያስቀምጠዋል። አንዳንድ ጊዜ ግን እውነተኛውን ደብዳቤ ከሐሰተኛው ጋራ ስለሚቀላቅለው፣ የምትጠብቁት መልስ ሲዘገይ ይህንንም ሣጥን ተመልከቱ።

ከዚህ የሚብሰው አታላይ ነው። «ሎተሪ ወጥቶልሃል» ወይም «መለያሽ ሊዘጋ ነውና የይለፍ ቃልሽን ላኪ» የሚል ደብዳቤ ቢመጣ አትመኑት። ከላይ የሚታየውን የላኪ ስም ማንም ሊያስመስለው ይችላል፤ ስለዚህ ሙሉ አድራሻውን ማንበብ ያስፈልጋል። እውነተኛ ድርጅት የይለፍ ቃል በደብዳቤ አይጠይቅም። በስልክ የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥርም ለማንም አትንገሩ። የኢንተርኔት ቤት ወይም የትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ስትጠቀሙም «ውጣ» የሚለውን ሳትነኩ አትነሡ፤ ይህን መዘንጋት ቁልፍን በሣጥኑ ላይ ሰክቶ እንደ መሄድ ነው።

የደረሰብኝን ለአባቴ ባወራሁለት ማታ በበሩ ጀርባ ወደ ተንጠለጠለው ቁልፍ እያመለከተ «ልጄ፣ ቁልፉን በሰው ኪስ ትተሽ ሣጥኑ የኔ ነው ትያለሽ?» አለኝ። በማግሥቱ በገዛ እጄ አዲስ ሣጥን ከፈትሁ። ዘንድሮም ወደ ሌላ ሥልጠና አመልክቻለሁ፤ መልሱ ገና አልመጣም። ቢቀበሉኝም ባይቀበሉኝም ደብዳቤውን ከፍቼ የማነበው ግን እኔ ነኝ።

እናንተም ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ስልካችሁን አንሥታችሁ በመለያችሁ ላይ የተመዘገበው ስልክ ቁጥር የማን እንደ ሆነ ተመልከቱ። የሌላ ሰው ሆኖ ቢገኝ፣ ስልኩ ሳይሰበር ዛሬውኑ ለውጡት።