ሳንኮፋ፦ የፊልም ሠሪው ሱቅ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት «ሳንኮፋ» የሚባል መደብር አለ። መጽሐፍ ይሸጣል፣ ፊልም ይሸጣል፣ ቡናና ሳንድዊችም አለው፤ ሳንድዊቾቹ ሜኑው ላይ የሰፈሩት በጥቁር ፊልም ዳይሬክተሮች ስም ነው። ባለቤቶቹም ፊልም ሠሪዎች ናቸው፦ ኃይሌ ገሪማና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና። መንገደኛው ተራ መጽሐፍ ቤት ይመስለዋል። እኔ ግን ኃይሌ ከሠሯቸው ነገሮች ሁሉ፣ ከአንድ ፊልማቸው በስተቀር፣ ይህን ሱቅ አስቀድማለሁ።

ምክንያቱ እንዲገባ ፊልም እንዴት ተመልካች ዘንድ እንደሚደርስ ማየት ይጠይቃል። ፊልም ተቀርጾ፣ ተቆርጦና ተቀጥሎ፣ ድምፅ ገብቶለት ሲያልቅ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ለየሲኒማ ቤቱ የሚላከውን ቅጂ ማሳተም፣ ለማስታወቂያ መክፈል፣ ከሲኒማ ቤቶች ጋር መደራደር የአከፋፋይ ድርጅት ሥራ ነው። አከፋፋዩ በምላሹ የፊልሙን መብት ለዓመታት ይወስዳል፤ ከቲኬቱም እሱና ሲኒማ ቤቱ ተካፍለው ለሠሪው ፍርፋሪ ይተርፋል። «ገበያ የለውም» ካለ ደግሞ ነገሩ አከተመ፤ ፊልሙ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። የኃይሌ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ የነበሩት ቻርለስ በርኔት «ኪለር ኦፍ ሺፕ» የተባለውን ድንቅ ሥራቸውን የጨረሱት በ1970ዎቹ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ውስጡ ላሉት ዘፈኖች መብት የሚከፈል ገንዘብ ስላልተገኘ ፊልሙ ሲኒማ ቤት በወጉ የገባው በ2007 ነው። ሠላሳ ዓመት ግድም!

ኃይሌ በ1946 ጎንደር ተወለዱ። አባታቸው ገሪማ ታፈረ አርበኛም ደራሲም ነበሩ፤ ቴአትርም ያዘጋጁ ስለነበር መድረክ ለልጁ እንግዳ አልነበረም። በ1960ዎቹ መጨረሻ ትወና ሊማሩ ቺካጎ ሄዱ፤ ከዚያ ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻግረው ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተማሩ። በርኔት፣ ጁሊ ዳሽ፣ ቢሊ ውድቤሪ የነበሩበት ያ ትውልድ በኋላ «የሎስ አንጀለስ ዓመፅ» የሚል ስም ወጣለት። የሆሊዉድን ተረት አንተርክም ያሉ፣ በትምህርት ቤቱ ካሜራ የራሳቸውን ሰፈር የቀረጹ ልጆች ነበሩ።

ኃይሌ እዚያ የሠሩት «ቡሽ ማማ» አከፋፈቱ አይረሳም። ፖሊሶች መንገድ ላይ ሰዎችን አስቁመው ይፈትሻሉ፤ የሚፈተሹት ተዋንያን አይደሉም፣ የፊልሙ ሠራተኞች ራሳቸው ናቸው። ካሜራው አልጠፋም፣ ኃይሌም ትዕይንቱን ከፊልሙ ፊት ሰኩት። ከዚያ በኋላ ዶሮቲ የምትባል ሴት ታሪክ ይቀጥላል፦ ባሏ እስር ቤት፣ እሷ ነፍሰ ጡር፣ የመንግሥት ድጎማ ሰጪዎቹ ደግሞ በየቀኑ ሕይወቷ ውስጥ ገብተው ይፈተፍታሉ። ድምፅ በድምፅ ላይ ይደራረባል፣ ጆሮ ይደክማል። ድካሙ የታሰበበት ነው፤ ሆኖም አንዳንድ ቦታ ገጸ ባሕርያቱ መፈክር ሲያሰሙ ፊልሙ ይከብዳል። የሚያድነው የተዋናይዋ የባርባራ ኦ ፊት ነው። ምንም ሳትናገር መፈክሩ ሁሉ ፊቷ ላይ ይነበባል።

አሁን ወደዚያ «በስተቀር» ወዳልኩት ፊልም። «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» በ1974 ክረምት፣ የንጉሡ ዙፋን እየተነቃነቀ ባለበት ሰሞን፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም አገር ቤት ተቀረጸ። ቀረጻው የፈጀው ሁለት ሳምንት ገደማ ብቻ ነው። የሚጫወቱት በትወና የሠለጠኑ አይደሉም፤ አማርኛቸውም ከመድረክ የመጣ አይደለም። ታሪኩ የአንድ የጭሰኛ ቤተሰብ ነው፦ ባለርስቱ ከፍ ካለው ቦታው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቁልቁል ያያል፣ ይጮኻል፣ ይሰድባል፤ እነሱ ያርሳሉ፣ ከብት ይጠብቃሉ፣ ውኃ ይቀዳሉ። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚያህለው ፊልም አብዛኛው ይኸው ነው።

«ታዲያ ምን ያስደስታል?» የሚል ይኖራል። ጊዜው ነው። ኃይሌ ለሥራ የሚሰጡት ጊዜ ሥራው ራሱ የሚፈጀውን ያህል ነው። በሬ ሲነዳ መጨረሻው ድረስ ይነዳል፤ የጅራፉ ድምፅ፣ የገበሬው ማስነሻ፣ ነፋሱ ያለ ሙዚቃ ይሰማል። ተመልካቹ ትዕግሥቱ ሲያልቅ የጭሰኛው ትዕግሥት የት ድረስ እንደሚዘልቅ መጠየቅ ይጀምራል። ከዚያ በዚህ ሁሉ ተጨባጭ ነገር መሃል አንድ ሕልም ይመጣል። ቀንበሩ የተጫነው በሬ ላይ ሳይሆን ሰው ላይ ነው፤ አባትና እናት ተጠምደው ማሳውን ይጎትታሉ፣ ባለርስቱ ከኋላ ይነዳል። «ጭሰኛ እንደ ከብት ነው» የሚለውን ንግግር በዚያ ዘመን መቶ ተማሪ መቶ ጊዜ ተናግሮታል፤ ምስሉ ግን ከሁሉም ንግግር በልጦ ይኖራል። መሬቱን የተነጠቀው፣ አገሩ እብድ የሚለው ከበበም አለ። እውነቱን አፍ አውጥቶ የሚናገረው እሱ ብቻ ነው፤ ኋላ ባለርስቱ ላይ እጁን የሚያነሳውም እሱ ነው። ጭሰኝነትን ያስቀረው የመሬት አዋጅ የታወጀው ቀረጻው ካለቀ ከወራት በኋላ ነው። ፊልሙ ያንን አላወቀም፤ አለማወቁ ይመስለኛል ከአብዮቱ በኋላ ከተሠሩት የቅስቀሳ ሥራዎች ሁሉ ያስበለጠው። ኋላም ማርቲን ስኮርሴዚ ያቋቋሙት የዓለም ሲኒማ ፋውንዴሽን ፊልሙን አሳድሶታል።

ከ1975 ጀምሮ ኃይሌ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆኑ፤ የካሜራ ባለሙያዎቹ ብራድፎርድ ያንግና አርተር ጃፋ ከተማሪዎቻቸው ናቸው። ሱቁን የወለደው ግን ገንዘቡን ለማሰባሰብ ብቻ ዘጠኝ ዓመት ገደማ የፈጀው «ሳንኮፋ» የተባለው ፊልም ነው። ሞና የምትባል አሜሪካዊት ሞዴል ጋና የባሪያ ንግድ ምሽግ ውስጥ ፎቶ ስትነሳ ድንገት ወደ ኋላ ዘመን ተወስዳ በሸንኮራ እርሻ ላይ ባሪያ ትሆናለች። በ1993 በርሊን ፌስቲቫል ለውድድር ቀረበ። አሜሪካ ውስጥ ግን የሚያከፋፍለው ጠፋ።

ኃይሌና ሺሪኪያና ዋሽንግተን ውስጥ ሲኒማ ቤት ተከራዩ። ቤተ ክርስቲያኑ፣ የተማሪ ማኅበሩ፣ የጥቁሮች ሬዲዮው ወሬውን አዛመተው፤ አዳራሹ ለሳምንታት ሞላ። ቀጥሎ ባልቲሞር፣ ቀጥሎ ሌላ ከተማ፤ በየከተማው ኮሚቴ እየተቋቋመ፣ ቅጂው ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጋገረ ከሠላሳ በላይ ከተሞች ታየ። የቲኬቱ ገንዘብ አከፋፋይ ኪስ ሳይገባ ተመለሰ። ቪዲዮውንም ራሳቸው ሸጡት። በ1990ዎቹ ማብቂያ ፊልሙ ባስገኘው ገቢ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ቤት ተገዝቶ ሱቁ ተከፈተ። ፊልሙ ኔትፍሊክስ ላይ የወጣው በ2021 ነው።

ስለ ፊልሙ ያለኝን ካልደበቅሁ፣ «ሳንኮፋ» ከዝናው ያነሰ ነው። ጌቶቹ ሲገቡ ጭካኔያቸው አስቀድሞ በሙዚቃ ይታወጃል፤ ቄሱም ከክፋት ሌላ ጠባይ አልተሰጠውም። ሌላዋ ባሪያ ኑኑና ከነጭ የወለደችው ልጇ ጆ ብቻቸውን ሲሆኑ ግን ሌላ ነው። እናቱን እንዲንቅ የተማረ ልጅ እናቱ ፊት ቆሞ ማየት ከጅራፉ ትዕይንት በላይ ያማል።

ሱቁም ፈተና አላጣውም። የአካባቢው የቤት ዋጋ ሲሰቀል የንብረት ግብሩም ተሰቀለ፤ በ2019 ሰፈሩ ተነስቶ ጮኸ፣ የከተማው ምክር ቤትም እፎይታ ሰጠ።

የኃይሌን ፊልሞች ማየት ለሚጀምር የምመክረው «ጤዛ»ን ነው። በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የስክሪፕት ሽልማት አገኘ፤ በማግስቱ ዓመት ዋጋዱጉ ላይ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫሉን የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት ወሰደ። ጀርመን የተማረው አንበርብር አንድ እግሩን አጥቶ ጣና ዳር ወዳለው መንደሩ ይመለሳል። የጀርመኑ ክፍል በክርክር የታጨቀ ነው፤ ተማሪዎቹ እርስ በርስ ሳይሆን ለታሪክ መጽሐፍ የሚናገሩ ይመስላሉ። መንደሩ ግን ሕያው ነው፦ ከአፈሳ ሸሽተው ዋሻ የተደበቁት ልጆች፣ አውቃለሁ ባዩ ምሁር ሲጠየቅ የሚያጣው መልስ፣ የእናቱ ዝምታ። የጆርጋ መስፍንና የቪጃይ አየር ሙዚቃ ደግሞ ማልቀሻውን ለተመልካቹ አይመርጥለትም። ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይፈጃል፤ ዘመኑ ወዲያና ወዲህ ስለሚዘል ከሥራ ደክሞ ገብቶ ሶፋ ላይ ተጋድሞ የሚታይ አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት ይሻላል፤ ከተቻለም የደርግን ዘመን ከኖረ ሰው ጋር፣ ፊልሙን እያቆመ እንዲያስረዳ።