አርኤንኤ እና ካንሰር፦ ተሸላሚዎቹና ያልተሸለሙት

መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. የዓመቱ የኖቤል የሕክምና ሽልማት ለቪክቶር አምብሮስና ለጋሪ ራቭከን መሰጠቱ ከስቶክሆልም ተሰማ። ሁለቱ አሜሪካውያን የተሸለሙት ማይክሮ አርኤንኤን በማግኘታቸው ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን ለኤምአርኤንኤ (መልእክተኛ አርኤንኤ) ክትባት በር በከፈተው ሥራቸው ተሸልመዋል። ለረጅም ጊዜ የዲኤንኤ ተላላኪ ብቻ ተደርጎ ይታይ የነበረው አርኤንኤ የተባለው ሞለኪውል በሁለት ዓመት ሁለት ጊዜ መሸለሙ፣ ከካንሰር ጋር ያለውን ቁርኝት ለመቃኘት ጥሩ አጋጣሚ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማይክሮ አርኤንኤ 22 ፊደላት ገደማ ብቻ አሉት። ራሱ ፕሮቲን አያስገኝም፤ መልእክተኛ አርኤንኤ ላይ ተለጥፎ ፕሮቲን እንዳይመረት ያግዳል። በ1993 አንድ ሚሊሜትር በምታህል ትል ላይ ሲገኝ የትሏ ብቻ ጉዳይ መስሎ ነበር። በ2000 ሌት-7 የተባለው ሁለተኛው ማይክሮ አርኤንኤ በሰውም እንደሚገኝ ሲታወቅ ግን ምርምሩ ተፋጠነ። በ2002 የካርሎ ክሮቼ ቡድን አንድ ሥር የሰደደ የደም ካንሰር ባለባቸው ብዙ ታማሚዎች ከ13ኛው ክሮሞዞም ላይ ተቆርጦ የሚጠፋው ክፍል ሁለት ማይክሮ አርኤንኤዎችን የያዘ መሆኑን አሳየ።

ከዚህ ወደ መድኃኒት የሚወስደው መንገድ ግን የታሰበውን ያህል አጭር አልሆነም። ዕጢን የሚገታውን ሚር-34 አስመስሎ የተሠራው ኤምአርኤክስ34 በሰው ላይ ሲሞከር ቆይቶ በ2016 ተቋረጠ፤ በታማሚዎቹ ላይ ከባድ የበሽታ መከላከያ ሥርዓት ቀውስ አስከትሎ ነበር። አርኤንኤን ወደ ጉበት ማድረስ ተችሏል፤ በሰውነት ውስጥ ወደ ተሠራጨ ዕጢ ማድረስ ግን ዛሬም ዋናው ጋሬጣ ነው። ስለዚህ ማይክሮ አርኤንኤ ካንሰርን ሊፈውስ ነው የሚለውን ዜና በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። የክትባቱ ዘርፍ የተሻለ ተስፋ ይዟል፦ በ157 የሜላኖማ ታማሚዎች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ተለይቶ የተዘጋጀ የኤምአርኤንኤ ክትባት ከተለመደው መድኃኒት ጋር ሲሰጥ በሽታው የማገርሸት ወይም የሞት አደጋ በ44 በመቶ ቀንሷል።

ይህን ሁሉ በአንድ ሰው የሥራ ሕይወት ውስጥ ማየት ለሚፈልግ የተመራማሪውን የፊሊፕ ሻርፕን ያህል የሚጠቅም ታሪክ የለም። በ1944 በኬንታኪ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ፤ ለኮሌጅ የሚሆናቸውን ገንዘብ ትምባሆ በማምረትና ከብት በማርባት አጠራቀሙ። በ1974 ሳልቫዶር ሉሪያ ወዳቋቋሙት የኤምአይቲ የካንሰር ምርምር ማዕከል ገቡ። ያጠኑት የነበረው አዴኖቫይረስን ነው፤ አንዳንዶቹ ዝርያዎቹ በአይጥ መሰል እንስሳት ላይ ዕጢ ያበቅላሉ።

በ1977 ከሱዛን በርጌትና ከክሌር ሙር ጋር የቫይረሱን መልእክተኛ አርኤንኤ ከዲኤንኤው ጋር አጣምረው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመለከቱ። ሁለቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ መግጠም ሲገባቸው የአርኤንኤው ጫፍ ሳይገጥም ተንጠልጥሎ ቀረ። ረዘም ያለ ዲኤንኤ ሲጠቀሙ፣ ያ ጫፍ ተራርቀው ከሚገኙ ሦስት ስፍራዎች የተለቀመ ሆኖ ተገኘ። ጥጥ ሲዳመጥ ፍሬው እንደሚወጣ ሁሉ፣ ህዋስም ከመልእክቱ የማያስፈልገውን አውጥቶ የቀረውን ይቀጥላል።

የዚህ ግኝት ውጤት ብዙ ነው። በ2011 በዚህ የመቁረጥና የመቀጠል ሥራ ከሚሳተፉት አንዱ የሆነው ኤስኤፍ3ቢ1 የተባለው ዘረመል በደም ካንሰሮች ላይ ተበላሽቶ እንደሚገኝ ታወቀ። በሌላ የአርኤንኤ መስመር ደግሞ፣ ሻርፕ በ2002 ከመሠረቱት አንዱ የሆኑበት አልናይላም የተባለው ኩባንያ በ2018 የመጀመሪያውን ዘረመል ጸጥ አሰኚ የአርኤንኤ መድኃኒት አስፈቀደ፤ መድኃኒቱ ግን ለካንሰር ሳይሆን በዘር ለሚተላለፍ የነርቭ በሽታ ነው።

ሻርፕ በ1993 የኖቤል ሽልማትን ያገኙት ከሪቻርድ ሮበርትስ ጋር ነው። በኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር ከሮበርትስ ጋር ተመሳሳዩን ግኝት በማይክሮስኮፕ ያዩት ሉዊዝ ቾውና ቶማስ ብሮከር አልተሸለሙም፤ በርጌትም እንዲሁ። ሽልማት የሚሰጠው ጥያቄውን ላነሳና ቡድኑን ለመራ ነው ብለው የሚከራከሩ አሉ። ይህ ክርክር እዚህ ላይ አያሳምነኝም፤ በዚህ ሥራ ማየቱ ራሱ ግኝቱ ነበርና። ናሙናውን አዘጋጅቶ ምስሉን የተረጎመ ሰው ረዳት ብቻ ሊባል አይችልም። የኖቤል ደንብ እስከ ሦስት ሰው ይፈቅዳል፤ በ1993 የተሸለሙት ሁለት ነበሩ።

በ2024ም ሁለት ብቻ ተሸለሙ። የአምብሮስ ቡድን በ1993 ያሳተመው ጽሑፍ የመጀመሪያ ደራሲ ሮዛሊንድ ሊ ናቸው፤ ሁለተኛዋ ሮንዳ ፋይንባም። የአርኤንኤና የካንሰር ታሪክ ለተማሪ ሲነገር እነዚህ ስሞች አብረው መነገር አለባቸው። ሽልማት ሰጪዎቹ ያጓደሉትን መምህራንና ጸሐፊዎች መሙላት ይችላሉ፤ ለወጣት ተመራማሪዎችም የሚጠቅመው ሥራው በእርግጥ እንዴት እንደተሠራ ማወቃቸው ነው።