ፍሬን አያያዝ በሲሙሌተር ይለመዳል?

በ2014 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ የሚጀምረው ቱሉ ዲምቱ ላይ፣ ከገላን ኮንዶሚኒየም ብዙም ሳይርቅ ነው። በ120 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚፈጅበት ርቀት፣ በ60 ከሚሄደው 2 ሳይሆን 4 እጥፍ ገደማ ነው። ታዲያ ፍሬን አያያዝን ያለ አደጋ መለማመድ ይቻላል?

መሪና ፔዳል ያለው የውድድር ሲሙሌተር በከፊል ያስተምራል። የመጀመሪያው ትምህርት የእግር ነው። እውነተኛ ፍሬን በዋናነት የሚታዘዘው ለምንረግጥበት ኃይል ነው። ርካሽ ፔዳሎች ግን ብዙውን ጊዜ የሚለኩት ፔዳሉ የወረደበትን ርቀት ነው፤ ሎድ ሴል ያላቸው ኃይሉን ስለሚለኩ እግር ቶሎ ይለምዳል።

ሁለተኛው አለቃቀቅ ነው። ቀጥታው ላይ ጠበቅ አድርጎ መርገጥ፣ መሪው መዞር ሲጀምር ደግሞ ቀስ እያሉ መልቀቅ ያስፈልጋል። ምክንያቱም ጎማ መሬት የሚይዝበት አቅም ውስን ነው፤ ፍሬኑና መታጠፉ ይሻሙበታል። ኤቢኤስ ጠፍቶ ከልክ በላይ ከተረገጠ ጎማው ይቆለፋል፣ መኪናውም መሪ አልሰማም ይላል።

በቤት ውስጥ ሲሙሌተር የማይገኘው፣ ፍሬን ሲያዝ ሰውነት ወደፊት ሲገፋ የሚሰማው ስሜት ነው። ፍርሃትም የለውም፤ የተጋጨ መኪና በአንድ ቁልፍ ይነሳል። ስለዚህ የእግሩን ልምድ ይዘን እንውጣ፤ እልሁን ግን እዚያው ስክሪኑ ላይ እንተወው።