ለሸቀጥ መግለጫ ቋሚ ቅጽ

ከአዳማ ወደ መተሐራ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በወለንጪቲ አካባቢ ጤፍና ቦሎቄ ይመረታል። ቦሎቄውን በድረ ገጽ ለውጭ አገር ገዥ የሚያቀርብ ነጋዴ መግለጫውን እንደ ዜና በልቅ ጽሑፍ ቢያወጣ፣ አንድ ጊዜ ደረጃው፣ ሌላ ጊዜ መጠኑ ይዘነጋል፤ ገዥውም ማመዛዘን ሲሳነው ወደ ሌላ ሻጭ ያልፋል።

ዎርድፕሬስ የተባለው የድረ ገጽ ማሰናጃ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው እትሙ፣ ለሸቀጥ ከዜና የተለየ የጽሑፍ ዓይነት ለማቋቋም አመቺ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2018 በተጨመረው አዲስ የጽሑፍ ማዘጋጃ ደግሞ ባለሙያው ለዚሁ ዓይነት ቋሚ ቅጽ ያበጃል፤ የእህሉ ዘር፣ ደረጃው፣ መጠኑና የማስረከቢያው ስፍራ በተራ ይሰለፋሉ። ቅጹ ከተቆለፈ ጸሐፊው ክፍሎቹን ሊሰርዝ ወይም ሊያዛውር አይችልም። ሆኖም ቁልፉ ባዶ ስፍራን አይሞላም፤ ስለዚህ ጽሑፉን ከመውጣቱ በፊት ማስመርመር የነጋዴው ፈንታ ነው።