ፓይን ቀለም ሲጠጣ

መደርደሪያ፣ አግዳሚ ወንበር ወይም ትንሽ ጠረጴዛ በገዛ እጁ መሥራት ለሚጀምር ሰው ፓይን ጥሩ መለማመጃ ነው። በመላጊያ በቀላሉ ይላጋል፤ መጋዝና ምስማርም አያስቸግሩትም። አበሳው የሚመጣው ሥራው አለቀ ሲባል ነው። ጥቁር ቡናማ ማቅለሚያ ገዝቶ ወንበሩን ዋንዛ ለማስመሰል የተነሣ ሰው፣ እዚህ ጠቁሮ እዚያ ገርጥቶ የተዥጎረጎረ ገጽ ያገኛል። ምክንያቱ ያለው እንጨቱ ውስጥ ስለሆነ ከዛፉ እንጀምር።

ፓይን ከ100 በላይ ዝርያዎች ያሉት የዛፍ ወገን ነው። ተፈጥሯዊ መኖሪያው ሰሜናዊው የምድር ክፍል ሲሆን፣ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ አገር በቀል ፓይን የለም። በኢትዮጵያ ተተክለው የሚታዩት ፓቱላና ራዲያታ የተባሉት ዝርያዎች መጤዎች ናቸው፤ ፓቱላ ከሜክሲኮ፣ ራዲያታ ከካሊፎርኒያ ጠረፍ። ብዙ ሰው ፓይንን «የፈረንጅ ጥድ» እያለ ከሌላ ዛፍ ጋር ይቀላቅለዋል። የእኛው ጥድና ዝግባ ከፓይን ጋር የሩቅ ዝምድና ቢኖራቸውም በእንጨታቸው ውስጥ እንደ ፓይን የሙጫ ቱቦ የላቸውም። ይህ ሙጫ ቅብ ላይ ስንደርስ ይፈታተነናል።

የፓይን ጣውላ ላይ ፈዛዛና ጠቆር ያሉ መስመሮች እየተፈራረቁ ይታያሉ። ዛፉ በእድገት ወቅቱ መጀመሪያ ሲጣደፍ የሚያበቅለው ክፍል ሰፋፊና ስስ ግድግዳ ያላቸው ሕዋሳት ስላሉት ፈዛዛና ለስላሳ ነው። ወቅቱ ሲያልቅ ዝግ ብሎ የሚያበቅለው ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጠቆር ያለና ጠንካራ ይሆናል። ማቅለሚያ ሲቀባ ለስላሳው ክፍል ይጠጣል፤ ጠንካራው እምብዛም አይቀበልም። ውጤቱም ልክ እንደ ፎቶ ኔጋቲቭ የተገለበጠ ነው፦ ፈዛዛ የነበረው ይጠቁራል፣ ጠቆር ያለው መስመር ነጣ ብሎ ይቀራል። በዚህ ላይ የጣውላው ጥግግት ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ሙጫ ያረፈበት ቦታ ቀለም ይገፋል፤ ተቆርጦ የተገለጠው የጣውላው ጫፍ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይጠጣል። ዥጉርጉሩ የሚወለደው ከእነዚህ ድምር ነው።

ማቅለሚያዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ደቃቅ የቀለም ዱቄት በዘይት ወይም በውሃ ውስጥ የተበተነበት ነው፤ ዱቄቱ በእንጨቱ ቀዳዳዎችና ብርጭቆ ወረቀት በተወው ጭረት ውስጥ ይሰገሰጋል። ሁለተኛው በውሃ ወይም በአልኮል ፈጽሞ የሚሟሟ ቀለም ሲሆን ወደ ሕዋሱ ግድግዳ ጠልቆ ይገባል፤ ጠንካራውን መስመር ጭምር ስለሚያቀልም የመገልበጡ ነገር ይቀንሳል፤ ፀሐይ ግን ቶሎ ታደበዝዘዋል። ከዱቄት ማቅለሚያዎች መካከል እንደ ቅባት የረጋው ዓይነት አለ። አይፈስም፣ ብዙም አይሰርግም፣ ከገጹ ላይ ይቀራል። ለጀማሪ ይህን እመርጣለሁ።

ማቅለሚያው ቀጭን ፈሳሽ ከሆነ ግን እንጨቱ አስቀድሞ በከፊል መጥገብ አለበት። ለዚህ የቆየው ዘዴ ሼላክ ነው። ሼላክ በሕንድና በታይላንድ ዛፎች ላይ የምትኖር ላክ የተባለች ትንሽ ነፍሳት የምታመነጨው ሙጫ ነው፤ ተጣርቶ በስስ ቅርፊት መልክ ይሸጣል፣ በአልኮልም ይሟሟል። ሰሙ የወጣለትን 100 ግራም ያህል ሼላክ በ1 ሊትር አልኮል አሟሙቶ አንድ ጊዜ በስሱ መቀባት፣ ሲደርቅ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አበስ ማድረግ፣ ከዚያ ማቅለም ነው። አልኮሉ ውሃ የሌለበት መሆን አለበት፤ አረቄ አያገለግልም። ሼላክ ሌላም ውለታ አለው፦ የቅርንጫፉ ጉጥ የሚያወጣው ሙጫ ከጊዜ በኋላ ቅቡን አልፎ ቢጫ ነጠብጣብ እንዳይፈጥር ያግደዋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ገጹን እስከ 150 ወይም 180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ይበቃል። ከ220 በላይ የተለሰለሰ ፓይን የዱቄት ማቅለሚያ የሚይዝበት ጭረት ያጣል። ሙከራው ከዚያው ጣውላ በተረፈ ቁራጭ ላይ፣ በእኩል ለስልሶ፣ የመጨረሻው ቅብ ጭምር ተቀብቶ መታየት አለበት። የሱቅ ናሙና የተቀባው በሌላ እንጨት ላይ ሊሆን ስለሚችል አይታመንም።

ማቅለም መልክ ይሰጣል እንጂ ከውሃና ከሙቀት አይጠብቅም፤ ጥበቃው የላይኛው ቅብ ሥራ ነው፣ የሚመረጠውም በዕቃው አገልግሎት ነው። ለረከቦት ፖሊዩሬቴን ያለበት ቫርኒሽ ይሻላል፤ ውሃ ይፈስበታል፣ ትኩስ ነገር ይቀመጥበታል። ሼላክ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሚለሰልስ እዚያ ላይ አይበረክትም፤ ለመጽሐፍ መደርደሪያ ግን ይበቃዋል። በዘይት የተሠራ ቫርኒሽ እንጨቱን ወደ ወርቃማ ቡናማ ያደላዋል። በውሃ የሚቀጥነው ነጭነቱን ይጠብቅለታል፣ ነገር ግን የእንጨቱን ቃጫ ስለሚያስነሣ አስቀድሞ በእርጥብ ጨርቅ ማበስና ሲደርቅ እንደገና ማለስለስ ያሻል። ፓይን ብርሃን ሲያገኝ በራሱም እየቀላ ወደ ማር ቀለም ይሄዳል። እንደ እኔ ከሆነ ይህን መጠበቅ ዋንዛ ለማስመሰል ከመድከም ይበልጣል፤ ጥቁር ገጽ የተጫረ ዕለት ነጩ እንጨት ያፈጥጣል።

ለስላሳ፣ ብርቅርቅ የማይል ገጽ የሚወድ ደግሞ የተልባ ዘይት አለው። ጥሬው ለመድረቅ ሳምንታት ይፈጃል፤ በገበያ «የተፈላ» የሚባለው ማድረቂያ ስለሚጨመርበት ከአንድ ቀን ብዙም አያልፍም። ውሃን አጥብቆ አይከላከልም፣ ሲጎዳ ግን በጨርቅ ደግሞ መቀባት ያድሰዋል። ዘይቱ የሚደርቀው ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ስለሆነ በሂደቱ ሙቀት ይወጣል። ዘይት የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ማንም ክብሪት ሳይጭርበት ይነዳል። የካቲት 1983 ዓ.ም. በአሜሪካ ፊላዴልፊያ ባለ 38 ፎቁ ዋን ሜሪዲያን ፕላዛ የተቃጠለው በ22ኛው ፎቅ ላይ ከተተወ እንዲህ ያለ ጨርቅ በተነሣ እሳት ነው፤ ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞተዋል፤ እሳቱም የቆመው አውቶማቲክ የውሃ መርጫ የነበረው 30ኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ነበር። ስለዚህ ጨርቁ አንድ በአንድ ተዘርግቶ ከቤት ውጭ ይደርቃል፣ አለዚያም ውሃ በሞላበት ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ይነከራል።